ከግንቦት 12 ማግስት
(ለሠፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ነው። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄደው ምእመን በደጃችን ያልፋል፤ በሙከ ጡሪና በደብረ ጽጌ አድርጎ ገዳሙ ይደርሳል። ለደከመው ውኃ መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው። ዳሩ ግን የበዓሉን ማግስት፥ ግንቦት 13ን፥ ስንቶቻችን እናስባታለን?

ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የማያውቅ የለም። የዚያ ግፍ ተከታይ ግን የተፈጸመው በዚሁ በእኛ መንገድ ነው። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ፋሺስቱ ገዳሙን ተባባሪ ነው ብሎ ወነጀለ። ሦስት ወር ቆይቶም ጄኔራል ማሌቲን ላከ። ለበዓሉ የተሰበሰቡት መነኮሳትና ምእመናን ተከበቡ። ግንቦት 13 ቀን በካሚዮን እየተጫኑ ለገ ወልዴ ከሚባለው ገለልተኛ ሥፍራ ተወሰዱና በመትረየስ ተረሸኑ። «ለገ» ወንዝ ማለት መሆኑን ለእናንተ አልነግርም። ግንቦት 18 ቀን ደግሞ ዲያቆናቱ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተገደሉ።

ግራዚያኒ ወደ ሮማ ያስተላለፈው ቁጥር 297 መነኮሳት፥ 23 ሌሎች ሰዎችና 129 ዲያቆናት፥ በጠቅላላው 449 ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክሮችን ጠይቀው ያደረጉት ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሰዋል። እንግዲህ ገዳዩ በጻፈው ብቻ ብንቆም ወደ ሺህ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የበዛ ሰው ሳይቆጠር ይቀር ነበር ማለት ነው። ያንን ሕዝብ ከመረሳት ያተረፈው የአገሬው ሽማግሌ ትዝታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ አባት ወይም አያት ለበዓሉ ወርዶ አልተመለሰም ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፥ ስሙንና አገሩን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። ሁለተኛ፥ ወጣቶች ሽማግሌዎቹን ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በአማርኛም ይናገሩ በኦሮምኛ፥ እንደተናገሩት ጻፉ። ሦስተኛ፥ ለመንገደኛው ውኃ ስናቀርብ የግንቦት 13ን ነገር አብረን እንንገረው።

ሐውልቱን መንግሥትም ቤተ ክህነትም ሊያቆም ይችላል። ስሙን የሚያውቀው ግን ቤተ ዘመዱ ነው፤ እሱም እያረጀ ነው። አደራ፥ ሳንዘገይ።