ስለ አይሮፕላን ክዳን ማያዣና ስለ ትንንሽ ነገሮች አደራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



 የንግግራችን ርእስ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። «የሸዋ ሮቢትን ልጅ ከአይሮፕላን ብሎን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አልቀረም። ጥያቄው የሚገባ ስለሆነ መልሱን እናስቀድማለን።

እኛ የይፋት ቆላ ልጆች ነን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አቋርጦ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ካፖርቱን እያወለቀ ወደ አገራችን ይደርሳል። እዚህ የሚያገኘው ሙቀት፣ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ነው። ማሽላው ፍሬ በያዘ ጊዜ የብዙዎቻችን ሥራ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ መጠበቅ እንደነበረ ወላጆቻችን ያውቃሉ። ግሪሳ ክብደቷ ከ20 ግራም ገደማ የማይበልጥ ወፍ ናት፤ ነገር ግን በቀን የክብደቷን ግማሽ ያህል እህል ልትበላ ትችላለች። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ቢያርፍ በአንድ ቀን የሚጠፋው 10 ቶን ያህል እህል ነው ማለት ነው። አንበጣም ከዚህ የባሰ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የአማራን ምሥራቃዊ ቆላዎችና አፋርን የወረረው መንጋ ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል እንደሚበላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያስረዳል።

እንዲህ ያለውን ጠላት በወንጭፍና በጩኸት ብቻ መመለስ አይቻልም። መከራው ሲበዛ መድኃኒት ጭኖ የሚመጣው አነስተኛ አይሮፕላን ነው። ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት የተመሠረተ ነው። የመርጫ አይሮፕላን እንደ መንገደኛ አይሮፕላን ከደመና በላይ አይበርም። ከዛፍ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ ይበርራል። ከፍ ብሎ የሚበር ሰው አንዳች ነገር ቢሰናከልበት ለማሰብ ጊዜ ያገኛል፤ ዝቅ ብሎ የሚበር ግን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከዚያ አይሮፕላን ላይ አንዲት ክዳን ተገንጥላ ብትወድቅ አደጋው የአብራሪው ሕይወትና የእኛ ማሽላ ነው። ከአይሮፕላን ብሎን ጋር ያገናኘን ይህ ነው።

በዚህ ዓመት፣ በአካባቢያችን ተወልደው ለብዙ ዘመን በአይሮፕላን ጥገና ሲሠሩ ኖረው በጡረታ የተመለሱ አንድ አባት ክበባችንን ጎብኝተውልን ነበር። እኛ ስለ ሞተሩ ይነግሩናል ብለን ስንጠብቅ፣ እርሳቸው ከኪሳቸው አንዲት የጨርቅ ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ያረጁ ብሎኖች፣ ሞላዎችና ቀለበቶች ነበሩ። «ልጆቼ፣ ሞተሩን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ እኔ የመጣሁት የማይታየውን ላሳያችሁ ነው» አሉን።

የአይሮፕላን አካል ቀጭን ላሜራ የለበሰ አጽም ነው። በውስጡ መሪውን የሚስቡ ገመዶች፣ የነዳጅ ቧንቧዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይተላለፋሉ። እነዚህን ለመመርመር በየቦታው በር መሰል ክዳኖች ተሠርተዋል። ክዳኖቹን ከአጽሙ ጋር የሚያስተሳስሩት ማያዣዎች ናቸው። ጥቂቶቹ ከበስተኋላ በሪቬት በተጣበቀ ዳዶ ላይ የሚጠብቁ ብሎኖች ናቸው። ሌሎቹ ግን በሩብ ዙር ብቻ የሚቆለፉ ናቸው። ከእነዚህ የታወቀውን የፈለሰፈው ከዩክሬን ወደ አሜሪካ የሄደው ዊልያም ዙስ ሲሆን፣ ማያዣው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የዙስ ማያዣ አሠራር ቀላል ነው። በክዳኑ ላይ አጭር ዘንግ በቀለበት ታስራ ትቀመጣለች፤ በዘንጓ ጎን ላይ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘ ስንጥቅ አለ። በአጽሙ በኩል ደግሞ ጠንካራ የሽቦ ሞላ ተሰንጓል። ዘንጓ ገብታ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ስትዞር ሽቦው በስንጥቁ ውስጥ እየተሳበ ይገባና መጨረሻ ላይ አንዲት ጉብታ ዘልሎ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ እጅ ላይ «ቀጭ» የሚል ስሜት ይሰማል። ሞላው እየሳበ ስለሚይዘው መንቀጥቀጥ በቀላሉ አይፈታውም።

እንግዲህ ይህ ማያዣ ለምን ያረጃል? እኛ «ሥራ ስለበዛበት» ብለን መለስን። አባታችን ራሳቸውን ነቅንቀው «የለም፤ የሚያረጀው በጥንቃቄ ብዛት ነው» አሉን። ነገሩ አስገርሞን ነበር፤ ቀጥሎ ግን ገባን። ክዳን የሚከፈተው ለምርመራ ነው። የመርጫ አይሮፕላን መድኃኒቱ ብረቱን እንዳይበላው ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። አግ-ካት የተባለው የመርጫ አይሮፕላን የጎን ላሜራዎቹ ለማጠብና ለመመርመር በቶሎ እንዲነሡ ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነው። ነገር ግን በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የብሎኑ ራስ ይላጣል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሞላው ይደክማል። ስለዚህ ያረጀ ማያዣ የደካማ ሠራተኛ ምልክት አይደለም። ማርጀቱን እያዩ ዝም ማለት ግን የደካማ ሠራተኛ ምልክት ነው።

ማርጀቱ በምን ይታወቃል? ካቻቢቴው ራሱ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እንደ እንቁላል ከሞለለ፣ ሩብ ዙሩ ያለ «ቀጭ» የሚዞር ከሆነ፣ የክዳኑ ጠርዝ በጣት ሲነካ የሚንኳኳ ከሆነ፣ ማያዣው አብቅቶለታል። ደግሞም በማያዣው ዙሪያ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ዱቄት ከታየ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው ማለት ነው።

ሲለወጥም ሥርዓት አለው። የመጀመሪያው፣ አዲሱ ማያዣ የሚመረጠው በዓይን ግምት ሳይሆን ከአይሮፕላኑ ሠሪ የዕቃ መጽሐፍ ላይ በቁጥሩ ነው። በዙስ ማያዣ ራስ ላይ የተጻፉት ፊደልና ቁጥሮች የራሱን ዓይነት፣ በኢንች 16ኛ የተለካ ውፍረቱንና በኢንች 100ኛ የተለካ ርዝመቱን ይናገራሉ። አጭር ከሆነ አይዝም። ረዥም ብሎን ደግሞ ከክዳኑ ጀርባ ያለውን ሽቦ ወይም ቧንቧ ሊወጋ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ከአንድ ክዳን የሚወጡ ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ የክዳኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ይስልና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ልክ ይሰካዋል። ሦስተኛው፣ የደከመውን ሞላ ወይም ዳዶ ለማንሣት የያዙት ሪቬቶች በትራፓኖ ሲበሱ ቀዳዳው እንዳይሰፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፍርፋሪው አሉሚኒየም ከሆነ ማግኔት ስለማይስበው በብሩሽ አንድ በአንድ መልቀም ግዴታ ነው። አራተኛው፣ ክዳኑ ሲመለስ ብሎኖቹ ሁሉ አስቀድመው በእጅ ይያዛሉ እንጂ አንዱ ብቻውን አይጠብቅም፤ አንዱ ከጠበቀ የቀሩት ቀዳዳዎች አይገጥሙም። መጨረሻው፣ የተሠራው ሥራ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሌላ ሰውም ይመረምረዋል።

«አባታችን፣ ለአንዲት ብሎን ይህ ሁሉ ሥርዓት አይበዛም?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ሁለት ታሪክ ነገሩን፤ በኋላ በመጻሕፍት አመሳክረን እውነት ሆኖ አግኝተነዋል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 አንድ የእንግሊዝ የመንገደኞች አይሮፕላን ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ከ17,000 ጫማ በላይ ከፍ እንዳለ፣ በዋናው አብራሪ ፊት ያለው መስተዋት ተገንጥሎ ሄደ። አብራሪው በነፋሱ ተስቦ ከወገቡ በላይ በውጭ ተንጠለጠለ። ጓደኞቹ እግሩን ይዘው ከ20 ደቂቃ በላይ ሲታገሉ፣ ረዳት አብራሪው አይሮፕላኑን በሰላም አሳረፈ፤ አብራሪውም በሕይወት ተረፈ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ከጉዞው በፊት መስተዋቱ ሲለወጥ ከገቡት 90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልክ የቀጠኑ ነበሩ። ሠራተኛው አዲሶቹን የመረጠው ከአሮጌዎቹ ጋር በዓይን አስተያይቶ ነበር።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1991 በአሜሪካ አገር በቴክሳስ የደረሰ ነው። በሌሊት ሥራ ከአንድ አይሮፕላን ጅራት አግዳሚ ክንፍ ላይ 47 ብሎኖች ወጡ፤ ሠራተኞች ተተካኩ፤ የወጡት ብሎኖች ግን ለተረካቢው በሚገባ አልተነገሩም፤ አልተመለሱምም። በማግሥቱ አይሮፕላኑ በአየር ላይ ተሰበረ፤ 14ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ። ከሁለቱ አደጋዎች አንዱ የመጣው በዓይን ከመገመት፣ ሌላው አደራን በሚገባ ካለማስተላለፍ ነው።

ይህን ከሰማን በኋላ እኛም የራሳችንን ጥፋት ለመናዘዝ ተገደድን። የአትክልት ቦታችንን የሚያጠጣውን ፓምፕ ባለፈው ዓመት ለማጽዳት ስንከፍት ከክዳኑ 8 ብሎኖች ሦስቱ ተላጡ። አንዱ ጓደኛችን «ለዛሬ ይበቃል» አለ፤ እኛም ሁላችን ተስማማን። በአምስት ብሎንና በአንድ በታጠፈ ምስማር ዘጋነው፤ ለማንም አልተናገርንም፤ የትም አልጻፍንም። በሦስተኛው ቀን ክዳኑ ተንቀጥቅጦ ወለቀና የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ሰበረው። በሰው ላይ ጉዳት ባይደርስም ፓምፑ እስኪጠገን የሽንኩርቱ ችግኝ ደረቀ። በዚያን ጊዜ ፓምፑ አርጅቷል ብለን ነበር፤ ዛሬ በፊታችሁ እውነቱን እንናገራለን፤ ያረጀው ብሎኑ ነበር፤ የሰነፍነው ደግሞ እኛ ነበርን።

ምናልባት ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ሰዎች ጥበብ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሉድቪግ ቬበር ከሚባለው ጀርመናዊ አብራሪ ጋር በአገራችን የተሠራችው ሁለት ሰው የምትይዘው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በራሳችን ሰማይ ላይ በርራለች። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ ለረዥም ዘመን በጣሊያን ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ቀደም ብለን የጠቀስነውን አግ-ካትን እዚሁ አገር እየገጣጠመ «እሸት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በገበሬ ቋንቋ ከዚህ የሚስማማ ስም አይገኝም።

ደግሞም የገበሬ ልጅ ይህን ትምህርት ከቤቱ ይዞት ነው የሚመጣው። ሞፈሩ ረዥም ነው፤ ቀንበሩ ከባድ ነው፤ በሬዎቹ ብርቱዎች ናቸው፤ ነገር ግን ማረሻውን የሚይዘው ትንሹ ወገል ነው። ወገሉ ከላላ የበሬዎቹ ጉልበት ሁሉ ከንቱ ነው። አስተዋይ ገበሬ ጥማዱን ከመንዳቱ በፊት ወገሉን በእጁ ይነካል። ያ አባት በከረጢት ይዘውልን የመጡት ነገር አባቶቻችን በማሳ ላይ ከሚያደርጉት የተለየ አልነበረም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ከእኛ መካከል አንዳንዱ ነገ የአይሮፕላን ጠጋኝ ይሆናል፤ አንዳንዱ ሐኪም፣ አንዳንዱ መምህር፣ አንዳንዱ ገበሬ ይሆናል። ሥራችን ምንም ቢሆን፣ ማንም የማያየው ክዳን በእጃችን ይወድቃል። በዚያን ጊዜ «ለዛሬ ይበቃል» የሚለው ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ፣ የለካነውን በልክ እንድናደርግ፣ የጀመርነውን ሳንጨርስ ብንሄድ ለተተኪያችን ጽፈን እንድናስረክብ ዛሬ በዚህ በዓል ላይ ቃል እንግባ። ከላያችን ዝቅ ብሎ የሚያልፈው አብራሪ ስማችንን አያውቅም፤ ነገር ግን እኛን አምኖ ይበርራል።

ፓምፑን በተመለከተ፣ ክበባችን በቁጥሩ የተመረጡ 8 አዳዲስ ብሎኖች ገዝቶ ገጥሟል፤ መዝገብም ከፍቷል። ማየት የሚወድ እንግዳ ቢኖር ከበዓሉ በኋላ በደስታ እናሳያለን።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ፣ ለቆላችን ሙሉ አዝመራ እንመኛለን።