የባዕድ ምክር ቤትና የራሳችን መዝገብ

(በሐዋሳ ከተማ ለሕግ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



የውጭ አገር ሕግ አውጪዎች «በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ዲፕሎማሲያዊ ግፊት ይደረግ» ብለው በተነሡ ቁጥር በመካከላችን ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንደኛው ሉዓላዊነታችን ተደፈረ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ፍትሕ ከዋሽንግተን በአውሮፕላን ተጭኖ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ዛሬ የማወሳው ከሁለቱም ይልቅ ለሙያችን የቀረበውን ነገር፣ ይኸውም ማስረጃን ነው።

ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የደረሰውን ግድያ እንዲያጣራ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ሊቀ መንበሩ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ቀደም ሲል የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ መንበራቸውም በዚሁ በከተማችን ነበረ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መሞታቸውን፣ 763 መቁሰላቸውን መዘገበ፤ ከ10ሩ ድምፅ ሰጪዎችም 8ቱ እርምጃው ከመጠን ያለፈ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበሩና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጡ፤ ግኝቱም በጥቅምት 1999 በውጭ አገር ተነገረ። በዚያው ወር ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት መደምደሚያውን ገለበጠው። ልብ በሉ፤ 193 የሚለውን ቁጥር ግን እርሱም አልነካውም።

የኒው ጀርሲው ዲሞክራት ዶናልድ ፔይን ላቀረቡት ረቂቅ ጉልበት ከሰጡት ነገሮች አንዱ ይህ መዝገብ ነው። ረቂቁ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. አለፈ። የፖለቲካ እስረኞች እስኪፈቱ፣ ፍርድ ቤቶችም ነጻ ሆነው እስኪሠሩ ድረስ የጸጥታ ርዳታ እንዲታገድ፣ በግድያው እጃቸው ያለበት ባለሥልጣናትም ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ያዛል። ሆኖም ሽብርን ለመከላከልና ለሰላም ማስከበር የሚሰጠውን ርዳታ አይነካም፤ ፕሬዚዳንቱም እገዳውን ማንሣት ይችላሉ። እኛ ረቂቅ ማንበብ የለመድን ሰዎች እንዲህ ያለ «ሆኖም» ሲያጋጥመን የሕጉ አንጀት የት እንዳለ እናውቃለን። መንግሥታችን በበኩሉ አሜሪካዊ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ተከራከረ (እዚያም ቢሆን እንጀራው የጠበቃ ነው!)። የኢትዮጵያ ጦር በዚያን ጊዜ በሶማሊያ ነበር፤ ዋሽንግተንም ይህን ወዳጅ ማስቀየም አልፈለገችም። ሴኔቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ረቂቁ ቀረ።

ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ያለፈው የክሪስ ስሚዝ የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ የማስገደድ ኃይል አልነበረውም። ለውጡን ያመጣው እርሱ ነው የሚል ካለ የቀን መቁጠሪያ ይመልከት፤ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያቸውን ያስታወቁት የካቲት 8 ቀን ነበር። ያንን ያመጣው በየአደባባዩ የወጣው የአገራችን ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን ልመለስ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሐዋሳን አስተዳደር ጉዳይ ለመቃወም ይመጡ የነበሩ ሰዎች በሎቄ በጥይት ተመቱ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ 193ን የመሰለ ሁለቱም ወገን የሚቀበለው አኃዝ የለውም። የዚያን ዕለት ምስክሮች እያረጁ ናቸው። ቃላቸውን በመሐላ ተቀብሎ በጽሑፍ ለማስቀመጥ ማኅበራችን የማንንም ምክር ቤት ድምፅ መጠበቅ የለበትም። በዚህ አዳራሽ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ እንዲያዝ አመለክታለሁ።