የሙሉቀን ነው ወይስ የአስቴር?



ቤት ውስጥ ሪሚክስ ስንከፍት «ዘፈኑን አበላሻችሁት» ትሉናላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ድምፁን ያፈጥኑታል፣ የጭፈራ ምት ይጭኑበታል፣ ግጥሙ አይሰማም። የጂጂ ግን ሌላ ነው። ቢል ላስዌል በ2001 የወጣውን አልበሟን በ2003 እንደገና ሲሠራው አላጣደፈውም፤ ቤዙን አጉልቶ ድምጿን እንደ ገደል ማሚቶ አራቀው። ማታ ብቻችሁን ስሙት።

እዚሁ ኔታንያ ያደገችው አስቴር ረዳ ደግሞ በ2014 አልበሟ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» በራሷ ስልት፣ ሶልና ፋንክ ቀላቅላ ዘፈነችው። እኔ የሷ መስሎኝ ነበር! እናቴ ከኩሽና ሆና «ይሄማ የሙሉቀን ነው» አለችና አብራ ማዜም ጀመረች። ደነገጥኩ። ለካ እኔ ግማሹን ቃል ሳይገባኝ ነበር የምዘፍነው። ዋናውን ፈልገን ከፈትነው፤ እያቆመች አንድ በአንድ አስረዳችኝ። እንደዛ ቁጭ ብለን አማርኛ ካወራን ቆይቶ ነበር።

እማዬ እስከ ዛሬ የሙሉቀን ይበልጣል ትላለች፤ እኔ አልተስማማሁም። ወላጆች፣ «ዝጉት» ከማለታችሁ በፊት ዘፈኑ መጀመሪያ የማን እንደነበር ንገሩን።

አሁን ሁለቱንም አሰማችኋለሁ። የሙሉቀንን አስቀድማለሁ፤ እናቴ እዚህ ተቀምጣለች።