የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው? የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ በውጭ ሰው ዓይን



አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ መካከል ሰው በጅምላ ተገደለ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር እዚህ አገር የሚነሣው ጥያቄ አይለወጥም። «ያን ያህል ሀብት፣ ያን ያህል እውቀት ያለው አገር ጠመንጃ መከልከል እንዴት ያቅተዋል?» እንላለን። እዚያ ልጅ ወይም ወንድምና እኅት ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ስልክ ያስደውላችኋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ መልስ ጥያቄውን ራሱን በመጠኑ የሚያርም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ አጥታ አይደለም። የፌዴራሉ አለ፣ የየክፍለ ግዛቱ አለ፣ የየከተማው አለ። ከብዙው ዓለም የሚለያት የሕጉ መነሻ ነው። በእኛ አገር፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት፣ መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ መመዘኛውን ማሟላቱን የሚያስረዳውም ፈቃዱን የሚሻው ሰው ነው። እንግሊዝ አገርም ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያቱን ለፖሊስ ያቀርባል። አሜሪካ ውስጥ ግን በአብዛኛው ዜጋው «ለምን ፈለግህ?» አይባልም፤ «ለምን ከለከልህ?» የሚባለው መንግሥት ነው። የሕግ ሰዎች የማስረዳት ሸክም የሚሉት ነገር እዚያ ያረፈው በመንግሥት ጫንቃ ላይ ነው።

መሠረቱ በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆንም በሥርዓት የተደራጀ ሚሊሻ አስፈላጊነትና የሕዝብ መሣሪያ የመያዝ መብት ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል። መብቱ የሚሊሻው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው በ2008 ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎቿ ቤታቸው ውስጥ ሽጉጥ እንዳይዙ ከልክላ ነበር፤ ዳኞቹ አምስት ለአራት ተከፍለው ክልከላውን ሻሩ፤ መብቱ የግለሰብ ነው አሉ። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን መብቱ ገደብ እንዳለው፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው መከልከል እንደሚቻልም አብረው ጽፈዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ፍርድ የመጣው ጁን 23 ቀን 2022 ነው። የኒው ዮርክ ሕግ ሽጉጥ ታጥቆ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስገድድ ኖሯል። ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት ይህን አፈረሰ። ዜጋው በመብቱ ሲጠቀም ምክንያት አይጠየቅም፤ ገደቡ ከአገሪቱ የቆየ የሕግ ልማድ ጋር መስማማቱን ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው አለ። ይህ ፍርድ ሲሰጥ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ኡቫልዴ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በሕጋዊ መንገድ በገዛው ጠመንጃ 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ከገደለ ገና አንድ ወር አልሞላም ነበር። ከፍርዱ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን ዕድሜያቸው ከ21 በታች በሆኑ ገዢዎች ላይ የሚደረገውን ማጣራት የሚያጠብቅ ሕግ ፈረሙ። የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይህን የሚያህል የቁጥጥር ሕግ አላወጣም ነበር። አገሪቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አላላችም፣ አጠበቀችም።

የሸክሙ አቀማመጥ በተግባር ምን እንደሚመስል በሁለት ነገር ላሳያችሁ።

አንደኛው የገዢ ማጣሪያ ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሰው ቅጽ ይሞላል፤ ነጋዴው ስሙን አስተላልፎ ያስጣራል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይመጣል። ነገር የሚመጣው መልሱ ሲዘገይ ነው። የፌዴራሉ ሕግ በአብዛኛው ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ያ ካለፈ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። ጥርጣሬው ለገዢው ይቆጠርለታል ማለት ነው። በ2015 ቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ኢማኑኤል በተባለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ ያመሹ ዘጠኝ ሰዎችን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚህ ቀዳዳ ነው። ሽያጩን ሊያስከለክል የሚችል የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ነበረበት፤ ትክክለኛው የፖሊስ መዝገብ ሳይገኝ ቀኑ አለቀ።

ሁለተኛው ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የፌዴራል የመሣሪያ መከታተያ ማዕከል ነው። ፖሊስ ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ሽጉጥ ሲያገኝ የመለያ ቁጥሩን ወደዚያ ይልካል። ቁጥሩ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ የባለቤቱ ስም ብቅ የሚል ይመስለናል። አይልም። በ1986 የወጣ ሕግ ማዕከላዊ የባለቤቶች መዝገብ እንዳይቋቋም ከልክሏል። ስለዚህ ሠራተኛው ፋብሪካውን ይጠይቃል፤ ፋብሪካው አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ ሱቁን ይጠቁማል፤ ባለሱቁ የሽያጭ ወረቀቱን ያገላብጣል። ሱቁ ተዘግቶ ከሆነ ወረቀቱ በካርቶን ታሽጎ ማዕከሉ ገብቷል፤ ስካን ቢደረግም በገዢ ስም መፈለግ አይቻልም፤ ሠራተኛው ገጽ በገጽ ያያል።

በዚህ ላይ የክፍለ ግዛቶቹ ልዩነት አለ። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገር ሹፌር በአንድ ድልድይ ከአንድ ሕግ ወደ ሌላ ሕግ ይገባል። ቨርጂኒያ ሽጉጥህን አስመዝግብ አትለውም፤ ዲሲ ውስጥ ያልተመዘገበ ሽጉጥ መያዝ ወንጀል ነው፤ የቨርጂኒያው ፈቃድም እዚያ አይሠራም። ሜሪላንድ ደግሞ ሽጉጥ ለሚገዛ ሰው የጣት አሻራና ሥልጠና ትጠይቃለች። ሰው በአንዱ ሕግ ይገዛል፣ በሌላው ይኖራል።

ከውጭ ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው በጅምላ ግድያው ላይ ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጥይት የሞቱት 48,830 ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ 26,328ቱ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ናቸው፤ 20,958ቱ በሰው የተገደሉ ናቸው። በጅምላ ግድያ የሚሞተው ከዚህ ጥቂቱ ነው። ብዙው ሞት ካሜራ በማይደርስበት፣ በመኝታ ቤትና በሰፈር ጥግ የሚደርስ ነው። ስለዚህ እዚያ ላሉ ዘመዶቻችሁ የምትሰጡት ምክር «ሕዝብ ከበዛበት ራቁ» ብቻ አይሁን፤ ቤታቸው መሣሪያ ካለ መቆለፉን፣ ልጃቸው ሊጫወት የሚሄድበት ቤትም እንደዚያው መሆኑን እንዲጠይቁ ንገሯቸው።

ባለመሣሪያዎቹን እንደ እብድ መቁጠር ለእኛ አይገባንም። ፖሊስ ቶሎ በማይደርስበት ገጠር የሚኖር ገበሬ «ራሴን የምጠብቀው ራሴ ነኝ» ሲል የእኛም ገበሬ ይህንኑ ይላል። ጥቁር አሜሪካውያንም ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የደቡብ ግዛቶች መሣሪያ እንዳይዙ በሕግ ከልክለዋቸው እንደነበር አይረሱም። ነገር ግን «መሣሪያ የያዘ ደግ ሰው ክፉውን ያስቆመዋል» የሚለው ክርክር ኡቫልዴ ላይ ተፈትኗል። ከ370 በላይ የጸጥታ ሰዎች ተሰብስበው ገዳዩ ያለበትን ክፍል ሰብረው ሳይገቡ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመዋል።

«ሕግ ምን ይፈይዳል? ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም» ለሚለውም መልሱ ሩቅ አያስኬድም፤ እዚያው አሜሪካ አለ። በ1934፣ የማፊያ ቡድኖች በመትረየስ ከተማ ካሸበሩ በኋላ፣ መትረየስ የሚይዝ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም 200 ዶላር ግብር እንዲከፈል ተደረገ፤ ገንዘቡ በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። በ1986 ደግሞ አዲስ መትረየስ ለሲቪል መሸጥ ቆመ። በሕግ የተመዘገበ መትረየስ ዛሬ የወንጀል መሣሪያ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሽጉጥን ወደ መትረየስ የሚቀይሩ ሕገ ወጥ ቁርጥራጮች በቅርብ ዓመታት ችግር መፍጠራቸው እውነት ነው፤ ይህም ሕጉ ቴክኖሎጂን መከታተል እንዳለበት ያሳያል እንጂ ዋጋ ቢስ መሆኑን አያሳይም።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልመለስ። ሸክሙን በመንግሥት ላይ መጣል በራሱ ነውር አይደለም፤ የሌሎች መብቶችም ጥበቃ እንዲሁ ነው። ነውሩ አስረዳ የተባለውን መንግሥት ማስረጃ እንዳይሰበስብ ማገድ ነው። በ1986 መዝገብ ተከለከለ። በ1996 ምክር ቤቱ ለአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚሰጠው ገንዘብ የመሣሪያ ቁጥጥርን ለማራመድ እንዳይውል ደነገገ፤ በጀትም ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ በጥይት ሞት ላይ የሚደረገው ምርምር ከሃያ ዓመት በላይ ደከመ፤ ለዚሁ ተብሎ ገንዘብ እንደገና የተመደበው በ2019 መጨረሻ ነው። ይህ አፍን ለጉሞ ተናገር እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ «ለምን አይከለክሉም?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ምን ያህል መሣሪያ ይዘው እንደሚኖሩ የሚወስኑት አሜሪካውያን ናቸው። ከውጭ ሆነን በሚገባ ልንጠይቃቸው የምንችለው ሌላ ነው፤ ማን እንደገዛ፣ በምን እንደተገደለ፣ የትኛው ሕግ ሰው እንዳተረፈ ቆጥረው እንዲያውቁ መንግሥታቸውን ለምን ያግዳሉ? ተቆጥሮ ማስረጃው ነጻነታቸውን የሚደግፍ ከሆነ የሚያጡት የለም። የማይደግፈው ከሆነ ደግሞ የመወሰኑ መብት አሁንም በእጃቸው ነው፤ የሚለየው አውቀው መወሰናቸው ብቻ ነው።