«ተርሚናል»ን ካየን በኋላ
(በወርኃዊ የቡና ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ፊልሙ እንዳለቀ «አንቺ ኤርፖርት ያደርሽ ነሽ፣ አንድ ነገር በይን» ስላላችሁኝ ነው የቆምኩት። ቡናው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ዘግይታችሁ ለደረሳችሁ፦ «ተርሚናል»ን ስቲቨን ስፒልበርግ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቶም ሃንክስ የሚጫወተው ቪክቶር ኒውዮርክ ኤርፖርት ሲደርስ አገሩ መፈንቅለ መንግሥት ተካሂዶ ፓስፖርቱ ዋጋ ያጣል። (አገሩ ክራኮዢያ የፈጠራ ናት፤ በካርታ አትፈልጓት።) ወደ ከተማው እንዳይገባ አይፈቀድለትም፣ ወደ አገሩ እንዳይመለስ በረራ የለም። ለወራት እዚያው ይኖራል።

ጽዳት ሠራተኛው ጉፕታ በወለወለው ወለል ላይ ሰው ሲንሸራተት አብሬያችሁ ስቄአለሁ። ቪክቶር የሻንጣ ጋሪ እየመለሰ በሚያገኛት ሳንቲም ምግብ ሲገዛ ግን ሳቄ ቆመ። ከአረብ አገር ስመለስ አውሮፕላን አምልጦኝ ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ አድሬአለሁ። ስልኬ ሞቷል፣ የሚናገሩትን አልሰማም። በሁለተኛው ቀን ወለል የምትወለውል ሴት ቀና ብላ አየችኝና በአማርኛ «እህቴ፣ እህል ቀምሰሻል?» አለችኝ። ዳቦና ሻይ አመጣችልኝ። ከዚያም መጥረጊያዋን አስቀምጣ ባንኮኒው ድረስ ወሰደችኝና አስተረጎመችልኝ። አለቃዋ ቢያያት ምን ይገጥማት እንደነበር ያኔ አላሰብኩም።

ለዚህ ነው የፍየሏ ነገር ያስለቀሰኝ። ሰውዬው ለታመመ አባቱ መድኃኒት ይዟል፣ ወረቀት ስለሌለው ሊቀሙት ነው። ለማስተርጎም የተጠራው ቪክቶር ለእንስሳ መድኃኒት ወረቀት እንደማያስፈልግ ያውቃል። «ተሳስቼ ነው፣ ለአባቱ ሳይሆን ለፍየሉ ነው» ይላል። ውሸት ነው፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ኃላፊው ተናዶ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ሲያጋጨው የመዳፉ ቅጂ ይወጣል፤ ሠራተኞቹም በየሱቁ ይለጥፉታል። ከበረራ አስተናጋጇ ጋር ያለው ፍቅር ባይኖር እንኳ ፊልሙ አይጎድልበትም ነበር።

ቪክቶር እንግሊዝኛ የተማረው አንድ ዓይነት የኒውዮርክ መምሪያ መጽሐፍ በሁለት ቋንቋ ገዝቶ፣ ጎን ለጎን እያነበበ ነው። በመካከላችን አረብኛ የምትችሉ አላችሁ፤ በቅርቡ ለሥራ የሚሄዱ ልጆችም አሉን። «ፓስፖርቴ የት ነው?»፣ «አሞኛል»፣ «አስተርጓሚ ጥሩልኝ» የሚሉትን በአማርኛ ፊደል ጎን ለጎን ብንጽፍላቸው አንድ እሁድ ይበቃናል። እኔ ደብተሩን እገዛለሁ። ማን ትጽፋለች?