ድባቴና እርጅና፦ የአንጎል ምስል የሚነግረን



አንድ አዛውንት ምግብ ሲያስጠላቸው፣ እንቅልፍ ሲያጡ፣ የሚወዱት ጨዋታ ሁሉ ሲሰለቻቸው «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ዛሬ የምሞግተው ይህን አባባል ነው። ድባቴ በማንኛውም ዕድሜ ሕክምና የሚገባው በሽታ ነው።

ኤም.አር.አይ እንደ ራጅ ጨረር ስለማይጠቀም አንድን ሰው በየጊዜው እያነሡ የአንጎሉን ለውጥ ለመከታተል ያመቻል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ምስል ላይ፣ የነርቭ ክሮች በሚያልፉበት ነጩ የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ ደመቅ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ጥቂቱ በጤነኞችም ላይ አለ። ሲበዛ ግን ብዙውን ጊዜ የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት ምልክት ነው፤ ዋነኛው አባባሽም የደም ግፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪው ጆርጅ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቻቸው «የደም ሥር ድባቴ» የተሰኘውን መላ ምት አቀረቡ። የፊተኛውን አንጎል ከውስጠኛው ጋር የሚያገናኙት መስመሮች በደም ሥር ሕመም ሲጎዱ በእርጅና ዘመን ድባቴ ሊነሣ ወይም ሊጸና ይችላል ባዮች ናቸው። በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ ከሐዘኑ ይልቅ የሐሳብ መዘግየት፣ ነገርን አቅዶ መፈጸም አለመቻልና ፍላጎት ማጣት ጎልቶ ሊታይ ይችላል። በየቤቱ «ሰነፉ»፣ «አኮረፉ» የሚባሉት አረጋውያን ያሳዝኑኛል፤ ምናልባት የታመሙ ናቸውና።

ስለ ሂፖካምፐስም ላንሣ፤ ለማስታወስ ችሎታችን እጅግ አስፈላጊ የሆነ የአንጎል ክፍል ነው። ተመራማሪዋ ኢቬት ሼላይንና ባልደረቦቻቸው በ2003 ባሳተሙት የ38 ሴቶች ጥናት፣ ድባቴው ሳይታከም የቆየበት ጊዜ በረዘመ መጠን ሂፖካምፐስ አንሶ ተገኝቷል፤ በመድኃኒት ላይ ሆነው ያሳለፉት የሕመም ጊዜ ግን ከመጠኑ ጋር አልተያያዘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣም አይለይም። በ2016 የወጣው ኤኒግማ የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት ጥናት ከ8,900 በላይ ሰዎችን አነጻጽሮ የሂፖካምፐስን ማነስ አረጋግጧል፤ ልዩነቱ ግን በአማካይ ጥቂት ነው። ጤነኛውና ሕመምተኛው በመጠን ይደራረባሉ።

ስለዚህ ምስል ብቻውን ድባቴን አይለይም። ምስል አንሥቶ «ድባቴ አለብዎት» ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ዛሬ የለም። ሐኪሙ አሁንም ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ መጠየቅና ቤተሰቡን ማነጋገር አለበት።

ተስፋ የሚሰጠኝ ግን አንድ ውጤት አለ። በአሜሪካ የተካሄደውና በ2019 ይፋ የሆነው ስፕሪንት ማይንድ የተባለ ጥናት የላይኛውን የደም ግፊት ከ120 በታች ለማድረግ የታከሙትን ከ140 በታች ግብ ከተያዘላቸው ጋር አነጻጸረ። በመጀመሪያዎቹ ላይ የነጠብጣቦቹ መስፋፋት አነሰ። ድባቴን ይከላከላል ለማለት ይህ አይበቃም፤ በነጩ የአንጎል ክፍል ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ማዘግየት እንደሚቻል ግን በምስል አሳይቷል።

እባካችሁ፣ የወላጆቻችሁን የደም ግፊት በየጊዜው አስለኩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው መከፋትና ዝምታ ካያችሁባቸውም «እርጅና ነው» ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።