የሕዝቅያስ በለስ

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተይዞ ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አምርሮ እያለቀሰ ጸለየ። እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። ልብ በሉ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዟል። ጸሎትና መድኃኒት አልተጣሉም፤ ጸበል የሚጠጣውም፣ ኪኒን የሚውጠውም ደጅ የሚጠናው አንዱን ፈዋሽ ነው።

የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ያለቀሰ ንጉሥ ሲድን ትዕቢት ያዘውና ውለታውን ዘነጋ። እኛስ? በጭንቅ ሰዓት የተሳልነው ስለት ስንቱ ተረስቶ ቀርቷል!

ዛሬ በእግራችሁ ቆማችሁ የተነሣችሁ፣ ከቤት ሳትወጡ ተመስገን በሉ። አልጋ ላይ ያላችሁ ደግሞ በርቱ፤ ለቅሷችሁን የሚሰማ አምላክ አለ። የታዘዘላችሁንም መድኃኒት በሰዓቱ ውሰዱ። እግዚአብሔር ይማራችሁ።